የሳጥኑ እምምታ

አንባቢው፦ ዳንቴሉን አንሺው ብዬሽ ነበር።

ሰፊዋ፦ ቀስ በል፣ ሚጡ ትነቃለች። ዳንቴሉ ደግሞ ምን አደረገህ?

አንባቢው፦ እኔን ምንም። እሱን ነው ያፈነው። መተንፈስ አቃተው።

ሰፊዋ፦ ማን ነው መተንፈስ ያቃተው?

አንባቢው፦ አምፕሊፋየሩ ነዋ።

ሰፊዋ፦ እኔ ደግሞ ልጅቷን ያልክ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ሳጥን እኮ ነው። ሳጥን አቧራ እንዳይጠጣ ይሸፈናል። ቴሌቪዥኑን ስንት ዓመት ሸፍኜዋለሁ፣ አንድ ቀን ታፈንኩ ብሎ አያውቅም።

አንባቢው፦ ቴሌቪዥኑ አናቱ ላይ አምፖል የለውም። ይኼኛው እሳት ነው። ይኸው፣ የዳንቴሉ ጫፍ ቡናማ ሆኗል።

ሰፊዋ፦ እሱ ጥለቱ ነው።

አንባቢው፦ ጥለት ይጨሳል?

[ሰፊዋ ዳንቴሉን ነጥቃ አሸተተችውና ትራስ ሥር ወሸቀችው። ክፍሏ ጠባብ ናት። በአንዱ ጥግ የስፌት መኪናዋ አለ፤ በሌላው ጥግ ገና መዳህ ያልጀመረችው ሚጡ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። መሐል ላይ የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የሚቆረጥ ልብስ የለም። ባሏ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ከሳምንት በፊት ተሸክሞ ያመጣው ጥቁር የብረት ሳጥን፣ አናቱ ላይ የመስታወት አምፖሎቹን ደርድሮ፣ ሸክላ ማጫወቻውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ እንደ ባለርስት ተንሰራፍቶበታል። ሲበራ ደግሞ፣ ዘፈን ኖረም አልኖረም፣ ከሆዱ «እምምም» ይላል። የሚዜዎቹ ሰማያዊ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ነገ ሚዜዎቹ ሊለኩት ይመጣሉ። ለሰፊዋ ይህ የመጀመሪያ የሠርግ ሥራዋ ነው። ካማረላት አንዱ ሠርግ ሌላውን ይጠራላታል፤ ካላማረላት እንደ እስከዛሬው የሰው ቁልፍ ስትተክል ትኖራለች።]

ሰፊዋ፦ እሳት ከሆነ ታዲያ ብርሃኑ የት አለ? ይህን ሁሉ አምፖል ተክለህ፣ መርፌዬ ላይ ክር ለማስገባት የኔኑ መብራት ነው የማበራው።

አንባቢው፦ ለብርሃን አይደለም የተሠራው። ቲዩብ ይባላል። ድምፁ በእነዚህ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ሰፊዋ፦ መስታወቱን በስቶ?

አንባቢው፦ መስታወቱን አይበሳም። ከታች በእግሩ በኩል ይገባል፣ ውስጥ ይጎለምሳል፣ ከዚያ ተመልሶ በእግሩ በኩል ይወጣል።

ሰፊዋ፦ በገባበት ከወጣ ምን ሊሠራ ገባ?

አንባቢው፦ ሊጎለምስ ነዋ። ቀጭን ሆኖ የገባው ድምፅ ወፍራም ሆኖ ይወጣል።

ሰፊዋ፦ እንደ እህትህ ባል በለኛ። እናንተ ቤት ሲገባ ሰንበሌጥ የሚያህል ሰውዬ፣ አሁን በበሩ አልወጣም አለ።

አንባቢው፦ እኔ ስለ ጥበብ አወራሻለሁ፣ አንቺ ስለ ሆድ። ያሁኑ ዘመን ዕቃ ድምፁን ቆራርጦ ነው የሚሰጥሽ። ይኼ ግን እንዳለ፣ ከነሙሉ ሰውነቱ ያመጣልሻል። ዘፋኟ እዚህ ቤት የገባች ነው የሚመስልሽ።

ሰፊዋ፦ የት ልትቀመጥ? ወንበሩን ጨርቅ ይዞታል፣ ጠረጴዛዬን አንተ ይዘኸዋል።

አንባቢው፦ ለምሳሌ ነው ያልኩሽ።

ሰፊዋ፦ ለምሳሌም ቢሆን መቀመጫ ትፈልጋለች። ደግሞስ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

አንባቢው፦ ከኤሌክትሪክ ጋር ስንት ዓመት ኖርኩ።

ሰፊዋ፦ ቆጣሪ ስታነብ ነዋ።

አንባቢው፦ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው የኤሌክትሪክን የልብ ትርታ ያዳምጣል። ሐኪም በለው።

ሰፊዋ፦ ሐኪም ከሆንክ ያቺን ባለ ሻይ ቤቷን ምን አድርገሃት ነው፣ ስድስቱን ዘጠኝ ብለህ አንብበህ ቢሮ ድረስ እያለቀሰች የመጣችው?

አንባቢው፦ ቆጣሪዋ ተዘቅዝቆ ነበር የተሰቀለው።

ሰፊዋ፦ አንገትህን ብታዘነብል ምን ነበረበት?

አንባቢው፦ ሴትዮ፣ ሽማግሌው ይህን ዕቃ ሲሰጡኝ ምን አሉኝ መሰለሽ? በያንዳንዱ ወር ቆጣሪያቸውን ላነብ ስገባ በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ አይተውኛል። ወደ ጠባብ ቤት ልገባ ነው፣ ቦታ የለኝም፣ ይህ ድምፅ ለሚሰማ ጆሮ ነው የሚገባው፣ አንተ ውሰደው አሉኝ።

ሰፊዋ፦ ለሚሰማ ጆሮ ከሆነማ ለኔ ነው የሚገባው። አንተን እኔ ሦስቴ ጠርቼህ አትሰማኝም። ሽማግሌው ደግሞ ሚስትህ ካልፈለገችው ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ፣ ሹፌሩ መጥቶ ይወስደዋል ብለዋል። እሱን እኔ ነኝ የሰማሁት።

አንባቢው፦ እሱን ለጨዋነት ነው ያሉት።

ሰፊዋ፦ ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ መምጣቱም ለጨዋነት ነው? ቃላችንን አትርሳ። ይህ እምምታ ዛሬ ከጠፋ ሳጥንህ ይቀመጣል፣ ጠረጴዛዬን ለቆ ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን። ካልጠፋ ከሹፌሩ ጋር ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ እምም እየተባለብኝ ቀሚስ መቁረጥ አልችልም። መቀሴ ራሱ ተንቀጠቀጠ።

አንባቢው፦ የምን እምምታ?

ሰፊዋ፦ ይኸው።

[ሁለቱም ዝም አሉ። ሳጥኑ «እምምም» አለ።]

አንባቢው፦ ይህ ዝምታ ነው።

ሰፊዋ፦ ዝምታ ድምፅ አለው?

አንባቢው፦ የጥሩ ዕቃ ዝምታ ድምፅ አለው። ባዶ የሚሆነው የርካሽ ዕቃ ዝምታ ነው።

ሰፊዋ፦ ታዲያ እኔ ዝም ስል ለምን አኮረፍሽ ትለኛለህ? የጥሩ ሴት ዝምታ አትለውም?

አንባቢው፦ ያንቺም ድምፅ አለው፤ ድስት ስታስቀምጪ ይሰማል። ይልቅ ልጅቷን እዪ። ይህ ዕቃ ከመምጣቱ በፊት እንቅልፍ የሚባል ነበር? ሁለታችንንም ሌሊቱን ሙሉ ስታንከራትተን አልነበር? ሙዚቃዬን ከከፈትኩላት ወዲህ ግን ይኸው፣ እንደ ጨዋ ሰው ትተኛለች። ጆሮ ያላት ልጅ ናት። በኔ ወጥታለች።

ሰፊዋ፦ የምትተኛው እኔ በዘይት እያሸሁ ስለማስተኛት ነው።

አንባቢው፦ ከዚያ በፊትም ታሺያት ነበር።

ሰፊዋ፦ በፊት ከላይ ወደ ታች ነበር። አሁን ከታች ወደ ላይ ነው።

አንባቢው፦ እናቴ ደግሞ በኔ ጸሎት ነው የተኛችው ትላለች።

ሰፊዋ፦ እናትህ እኔና አንተንም ያስታረቅኳችሁ በጸሎቴ ነው ይላሉ።

አንባቢው፦ መች ተጣላን?

ሰፊዋ፦ ያልተጣላነውም በጸሎታቸው ነው።

[አንባቢው በሳቅ ሊፈነዳ ሲል ልጅቷ ትዝ አለችውና ሳቁን ዋጠው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሰፊዋ የሚታያት የጫማው ተረከዝ ብቻ ነው። ጸሐይዋን በመስኮት እየተመለከተች፣ ሹፌሩ ቶሎ በመጣና ጠረጴዛዬን ባገኘሁ እያለች ጨርቁን ዳበሰችው።]

አንባቢው፦ እሺ፣ ዝምታውን አጠፋልሻለሁ።

ሰፊዋ፦ እምምታውን በል።

አንባቢው፦ እንዳሻሽ ጥሪው። ኤሌክትሪክ ማለት ውኃ ነው። ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ከተኛ አንዱ ባንዱ ላይ ይንጠባጠባል። የሸክላ ማጫወቻው ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጋር ተጣብቋል፤ እሱን አርቄ አስረዋለሁ። ክር ስጪኝ።

ሰፊዋ፦ ምን ዓይነት ክር?

አንባቢው፦ ማንኛውም።

ሰፊዋ፦ ማንኛውም የሚባል ክር የለም። ለሰማያዊ ነው፣ ለነጭ ነው፣ ለገበር ነው?

አንባቢው፦ ለኤሌክትሪክ ነው።

ሰፊዋ፦ እንግዲያው ወፍራሙን ያዝ። ስትጨርስ መልሰው።

አንባቢው፦ አሁን ሶኬቱን ገልብጬ እሰካዋለሁ።

ሰፊዋ፦ ተገልብጦ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ አይሄድም?

አንባቢው፦ ዝም ብለሽ እዪ። ከዚያ ደግሞ ይቺን ቀጭን ሽቦ ከማጫወቻው አምጥቼ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ባለው ብሎን አስራታለሁ። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ።

ሰፊዋ፦ አንድ በአንድ ብታደርገው የቱ እንደሠራ ታውቅ ነበር። እኔ እንኳ ቀሚስ ሳጠብ በአንድ ጎን ለክቼ ነው ወደ ሌላው የማልፈው።

አንባቢው፦ አንድ በአንድ የሚሞክር የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ባንድ ጊዜ ነው የሚመታ። ሳይንስ ነው ይኼ።

[ከጠረጴዛው ሥር ጭንቅላት ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ቀስ ያለ ስድብ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። በእርግጥም ምንም። ሰፊዋ የጎረቤቷን መጥረጊያ፣ የጓዳውን ቧንቧ ጠብታ፣ የራሷን እስትንፋስ መስማት ጀመረች። አንባቢው ፀጉሩ የሸረሪት ድር ለብሶ ብቅ አለ።]

አንባቢው፦ ሰማሽ?

ሰፊዋ፦ ምንም አልሰማሁም።

አንባቢው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ።

ሰፊዋ፦ ቅድም ዝምታ ያልከው ያኛውን አልነበር?

አንባቢው፦ ያ ተራ ዝምታ ነበር። ይኼ ዋናው ነው። እንግዲህ ተሸንፈሻል፣ ሳጥኑ አይሄድም። አሁን ቁጭ በይና ስሚ። መርፌዋን ላሳርፍ።

ሰፊዋ፦ ይኼም መርፌ አለው? ምን ይሰፋል?

አንባቢው፦ ስሚ ብቻ።

[ሸክላው መዞር ጀመረ። ሰፊዋ ለይምሰል አንድ ጆሮዋን ሰጥታ፣ በሌላው የሹፌሩን መኪና ልትጠብቅ አስባ ነበር። ዘፈኗን ታውቃታለች፤ በየአውቶቡሱ፣ በየሱቁ በር ስትጮህ እየሰማች ያደገችባት ዘፈን ናት። ወዳት አታውቅም፣ ጠልታትም አታውቅም። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ። ከዚያ፣ ቃል ከመውጣቱ በፊት፣ አንዲት ሴት እዚያው ክፍል ውስጥ አየር ሳበች። ሰፊዋ ዞር ብላ በሩን አየች።]

ሰፊዋ፦ ማን ናት አሁን የተነፈሰችው?

አንባቢው፦ ዘፋኟ ናት።

ሰፊዋ፦ በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ስትተነፍስ ግን ሰምቻት አላውቅም። ሳትተነፍስ የምትዘፍን ነበር የሚመስለኝ።

አንባቢው፦ ትንፋሿን ሌላው ዕቃ ይበላዋል። እኔ እኮ ስነግርሽ...

ሰፊዋ፦ ዝም በል እስኪ። ጊታር የሚመታው ሰውዬ ጥፍሩን አልቆረጠም።

አንባቢው፦ የት አየሽው?

ሰፊዋ፦ ይሰማል። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተመቻቸ፣ ወንበሩ ተንቋቋ። ይኸው። አልሰማኸውም?

አንባቢው፦ እ... ሰምቻለሁ። እንዴት አልሰማም።

ሰፊዋ፦ አልሰማኸውም። ፊትህ ይናገራል። አሁን ደግሞ ልታለቅስ ነበር፣ መሐል ላይ ተወችው። ሆድ ብሷት ነበር ማለት ነው? እኔ እኮ የደስታ ዘፈን እየመሰለኝ ስንት ሠርግ ላይ ጨፈርኩባት።

አንባቢው፦ እንግዲህ ምን ትያለሽ?

ሰፊዋ፦ ምንም አልልም። ደህና ነው።

[ደህና ነው አለች እንጂ መቀሱን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ልጅ ከወለደች ወዲህ ለራሷ ብቻ የተነገራት ነገር አልነበረም፤ የሚነገራት ሁሉ ዳይፐር አልቋል፣ ወተት ገንፍሏል፣ ቁልፉ ወልቋል ነበር። ይህች ሴት ግን ሌላውን ሁሉ ትታ ወደ እሷ ጠጋ ብላ የምትነግራት መሰላት። ሳጥኑ እንዲሄድ እንደማትፈልግ አወቀች፤ ለባሏ ግን እንዲህ በቀላሉ ልትነግረው አልፈለገችም። ያኔ ሚጡ ነቃች። ነቃች ሲባል ዓይኗን ገለጠች ማለት አይደለም። ከእግር ጥፍሯ ጀምራ ጮኸች።]

አንባቢው፦ ዘፈኑ ነው፣ ላጥፋው።

ሰፊዋ፦ ሳምንት ሙሉ በዘፈን ተኝታ የለም? ግን አጥፋው። እሽሽ፣ እሽሽ እናቴ።

አንባቢው፦ አጠፋሁት። አሁንም ትጮሃለች።

ሰፊዋ፦ ይሰማኛል። ዘይቱን አቀብለኝ።

አንባቢው፦ ከታች ወደ ላይ ነው ያልሽው?

ሰፊዋ፦ ከታች ወደ ላይ... አይሆንም። ከላይ ወደ ታች... እሱም አይሆንም። እስኪ ለእናትህ ደውልላቸው፣ ይጸልዩ።

አንባቢው፦ ደወልኩ። እየጸለይኩ ነው፣ መተኛቷ አይቀርም እያለች ነው። የምን ጩኸት ነው ደግሞ ብላ ጠየቀችኝ።

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሹፌሩ ደርሷል። ሰፊዋ ልጅቷን አቅፋ፣ ክፍሏን ከዳር ዳር እየተመላለሰች፣ ያልተቆረጠውን ጨርቅ እያየች፣ ነገን እያሰበች፣ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ አፏን ገጥማ አጉረመረመች። «እምምም።» ሚጡ ጸጥ አለች። ሰፊዋ ትንፋሽ ልትስብ ስትል ሚጡ ጮኸች። ሰፊዋ «እምምም» አለች። ሚጡ ጸጥ አለች። ሰፊዋ ቀስ ብላ ዞር አለችና ሳጥኑን አፍጥጣ አየችው።]

አንባቢው፦ ተመስገን፣ እናቴ ደረሰችልን። ሹፌሩ ግን እየጠበቀ ነው። ሂድ ልበለው አይደል? እምምታው ጠፍቷል፣ ቃልሽ ቃል ነው።

ሰፊዋ፦ እምምም።

[በእጇ ሳጥኑን ጠቆመች።]

አንባቢው፦ ሳጥኑን ምን?

ሰፊዋ፦ እምምም።

አንባቢው፦ ይሂድ ነው የምትይው?

ሰፊዋ፦ እምምም፣ እምምም።

አንባቢው፦ ይህን ሁሉ ለፍቼ ካጠፋሁት በኋላ? ልጅቷን ቀሰቀሰ ብለሽ ነው?

[ሰፊዋ ራሷን በኃይል ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ልጅቷም አብራ ተነቃነቀች።]

አንባቢው፦ አትከራከረኝ ማለትሽ ነው። እሺ። እኔ ለትዳሬ ስል ስንቱን ትቻለሁ፣ ይህንም እተዋለሁ። ግን አንድ ቀን ይቆጭሻል። ያቺን ሴት በሬዲዮ ስትሰሚ፣ ትንፋሿ የት ሄደ ትያለሽ። ያኔ እኔን አታገኚኝም፤ እኔማ እዚሁ ነኝ፣ ሳጥኑን አታገኚውም።

[ሶኬቱን ነቅሎ፣ የጋለውን ሳጥን በሹራብ ጠቅልሎ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን በክብር ተሸክሞ ወደ በሩ አመራ። ሰፊዋ እያጉረመረመች ተከተለችው። እጅጌውን ሳበችው፤ ስንብት መሰለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨርሶ ሊወጣ ሲል መሬት ለመሬት የሚጎተተውን ሽቦ በእግሯ ረገጠችው። ባሏ እንደታሰረ በሬ ቀጥ አለ።]

ሰፊዋ፦ የት ነው ይዘኸው የምትሄደው?

[ሚጡ ጮኸች።]

አንባቢው፦ አንቺ አይደለሽ ይሂድ ያልሽው?

ሰፊዋ፦ እኔ ምን አልኩ? እምምም ነው ያልኩት። ቶሎ ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ። ልጅቷን ያስተኛት ያንተ ዘፈን አይደለም። የኔም ዘይት አይደለም። የእናትህም ጸሎት አይደለም። እምምታው ነው።

አንባቢው፦ የትኛው እምምታ?

ሰፊዋ፦ ያጠፋኸው።

አንባቢው፦ አጥፋው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ሰፊዋ፦ እኔ አጥፋ ያልኩህን ሁሉ መች አጥፍተህ ታውቃለህ? የጓዳውን መብራት ስንት ዓመት አጥፋ አልኩህ። ዛሬ ታዛዥነት ከየት መጣብህ? መልሰው።

አንባቢው፦ ምኑን?

ሰፊዋ፦ እምምታውን። እምምም...

[አንባቢው ተመልሶ ሳጥኑን፣ ሚስቱ ጠረጴዛው ለጨርቁ እንዲለቀቅ በክርኗ ስላመለከተችው፣ በራሱ በርጩማ ላይ፣ ማጫወቻውንም ከጎኑ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አገናኝቷቸው ገመዱንም ስቦ ሰካው። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ሳጥኑ ዝም አለ።]

አንባቢው፦ ሶኬቱን እንደ ድሮው ገልብጬ ሰካሁት። ምንም የለም። ቆይ፣ ክሩ ነው። ክሩን ፈታሁት። እ... ምንም የለም። ብሎኑ ላይ ያሰርኳት ሽቦ ናት ማለት ነው። እሷንም ፈታኋት።

ሰፊዋ፦ እምምም?

አንባቢው፦ ምንም የለም። ከዳነ በኋላ አልታመምም አለ።

ሰፊዋ፦ ሳይንስ ነው አላልከኝም?

[ሚጡ ጮኸች፤ ሰፊዋ ወዲያው ወደ እምምታዋ ተመለሰች።]

አንባቢው፦ ሳይንስ ነው። ግን ያጠናሁት የማጥፋቱን ነው፤ የመመለሱን ማን ይፈልጋል ብዬ ላስብ? በዓለም ላይ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ለማጥፋት ነው የሚታገለው። ከዚህ ቤት በስተቀር።

[ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። የሰፊዋ ጉሮሮ ደርቋል፤ ድምፅዋ መቀጠንና መቆራረጥ ጀመረ። ልጅቷም ቀጭኑን እምምታ እየታዘበች ከንፈሯን መጣል ጀመረች። ሰፊዋ ልጅቷን አልጋዋ ላይ አሳረፈችና ባሏን ትከሻውን ይዛ አልጋው አጠገብ አንበረከከችው።]

ሰፊዋ፦ በል አንተ ሞክር።

አንባቢው፦ እኔ ምን ልሞክር? እኔ እኮ ሰው ነኝ፣ የኤሌክትሪክ...

[ሚጡ ጮኸች።]

አንባቢው፦ እምምም።

[ሚጡ ዝም ብቻ አላለችም፤ አዛጋች። ጡጫዋን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ወደ አባቷ ዞረች። ሽፋሽፍቶቿ ተገጣጠሙ። አንባቢው በራሱ ኮራና ወደ ሚስቱ ዞሮ አፉን ከፈተ።]

አንባቢው፦ አየሽ፣ ይህ የሆነው ወፍራም ድምፅ ከቀጭን ድምፅ ይልቅ ወደ አጥንት ስለሚ...

[ሚጡ አንድ ዓይኗን ገለጠች።]

አንባቢው፦ እምምም።

ሰፊዋ፦ ያንተ ይሻላል። ከሆድህ ነው የሚመጣው። ሳታቋርጥ፣ በዚያው ልክ።

አንባቢው፦ እምምም?

ሰፊዋ፦ ልጅቷ እንቅልፍ እስክትጠግብ ድረስ ነዋ። እኔ እስክቆርጥ፣ ከዚያ በስፒል እስክሰካካ። ቀሚሱ ያው የሚዜ ቀሚስ ነው፣ ብዙ አይቆይም። ጉልበትህን ካመመህ ትራስ አለ።

[ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊው ጠረጴዛውን ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ልቧም አብሮት ተዘረጋ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ አንገቷን አወጣች።]

ሰፊዋ፦ ወንድሜ፣ አለፋንህ፣ ይቅርታ አድርግልን። ሳጥኑ አይሄድም፣ እዚሁ ይቀመጣል። ለሽማግሌው ምስጋናዬን አድርስልኝ፤ ሚስትየዋ ናት የፈለገችው በላቸው። አዎ፣ እምምታው ጠፋልን፣ አሁን ኮሽ አይልም። ይኼ የሚሰማው? አይ፣ ይኼ ሳጥኑ አይደለም። ባለቤቴ ነው።

[መኪናው ሄደ። አንባቢው ከአልጋው አጠገብ፣ በሁለት ጉልበቱ እንደ ተንበረከከ፣ ሊናገር የሚፈልገው ነገር ሁሉ ጉሮሮው ላይ ተሰልፎ፣ ሚስቱን በዓይኑ ተከተላት። ሰፊዋ በእግሯ ጣት እየረገጠች ወደ ማጫወቻው ሄደች፤ መርፌዋን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ ልብስ ላይ ዶቃ እንደምትተክል ሰው፣ ሸክላው ላይ አሳረፈች። ጊታሩ መጣ። ሰፊዋ መቀሷን አነሳች፣ ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አዘነበለች፣ ጠበቀች። ፊቷን ከሰከሰች።]

ሰፊዋ፦ የሚጡ አባት፣ ትንሽ ዝቅ በል። የሴትዮዋን ትንፋሽ ሸፈንክብኝ።

አንባቢው፦ እምምም።